የጦርነት ልብ ወለድን ከፊልሙ ጋር እንዴት እናጥና? «በምዕራቡ ግንባር አዲስ ነገር የለም» እና ሦስቱ ፊልሞቹ

አንድ የጦርነት ልብ ወለድ ፊልም ሆኖ ሲቀርብ መጽሐፉን ያነበበ ተመልካች አስቀድሞ የሚያነሣው ጥያቄ «ምን ተቆርጦ ቀረ?» የሚል ነው። ጥያቄው አግባብ ቢኖረውም ሩቅ አያደርስም፤ በብዙ ሰዓት የሚነበብ ታሪክ በሁለት ሰዓት ተኩል እንዲታይ ሲደረግ የሚቀር ነገር መኖሩ የታወቀ ነውና። ከዚህ ይልቅ ሊጠየቅ የሚገባው፣ በመጽሐፉ ውስጥ ጦርነቱን እያየ የሚነግረን «እኔ» ባይ ድምፅ በፊልሙ ውስጥ ወዴት ሄደ፣ በምንስ ተተካ የሚለው ነው። ይህ መመሪያ ያንን ጥያቄ ይዞ መጽሐፍንና ፊልምን ጎን ለጎን ማጥናት ለሚፈልግ አንባቢ፣ ለንባብ ክበብ ወይም ለሥነ ጽሑፍ መምህር ሥራውን ደረጃ በደረጃ ያሳያል።

ለምሳሌ የመረጥሁት የጀርመናዊውን ደራሲ የኤሪክ ማሪያ ሬማርክን «በምዕራቡ ግንባር አዲስ ነገር የለም» ነው። ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት የተጻፈው ይህ ልብ ወለድ በ1930 በአሜሪካ ለሲኒማ፣ በ1979 ለቴሌቪዥን፣ በ2022 ደግሞ በገዛ ቋንቋው በጀርመንኛ ተሠርቷል፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ለይቼ ካላመለከትሁ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አንድ ታሪክ በሦስት ዘመን፣ በሦስት ዳይሬክተሮች እጅ ሲያልፍ እያንዳንዳቸው ያደረጉት ውሳኔ ከሌሎቹ ጋር ሲተያይ ጎልቶ ይወጣል። አንድ ፊልም ብቻ ካለው መጽሐፍ ይህን ያህል መማር ይቸግራል።

አንደኛ ደረጃ፦ መጽሐፉንና ፊልሞቹን ያዘጋጁ

መጽሐፉን በእንግሊዝኛ የሚያነቡ ከሆነ ሁለት የታወቁ ትርጉሞች አሉ፤ አንደኛው በ1929 የወጣው የኤ. ደብሊው. ዊን፣ ሁለተኛው በ1994 የወጣው የብራያን መርዶክ ነው። ለጥናቱ ሁለቱም ይበቃሉ፤ ነገር ግን በክበብ የምታነቡ ከሆነ ሁላችሁም አንዱን ትርጉም ብትይዙ ገጽ ለመጠቋቆም ይቀላል። በጀርመን አገር የሚኖርና ቋንቋውን የሚያነብ ሰው ዋናውን መጽሐፍ ቢይዝ የተሻለ ነው፤ የሬማርክ ዓረፍተ ነገሮች አጫጭርና ግልጽ ስለሆኑ አያደክሙም።

የ2022ቱ ፊልም በኔትፍሊክስ ይገኛል። ሲከፍቱት የእንግሊዝኛውን የተደረበ ድምፅ ትተው የጀርመንኛውን ድምፅ ከሰብታይትል ጋር ይምረጡ፤ የተዋናዮቹ ትንፋሽና ማመንታት በተደረበ ድምፅ ውስጥ ይጠፋል። የ1930ው ጥቁርና ነጭ ፊልም በተለያየ ርዝመት ስለሚሰራጭ ከሁለት ሰዓት የሚበልጠውን ቅጂ ይፈልጉ። በዚያ ዘመን ድምፅ ማሰሚያ ላልነበራቸው ሲኒማ ቤቶች ድምፅ አልባ ቅጂም ተዘጋጅቶ ስለነበር፣ የያዙት የድምፁ ቅጂ መሆኑን ያረጋግጡ።

አንድ ማሳሰቢያ እዚህ ላይ ማስገባት ግዴታዬ ነው። ከእኛ መካከል ጦርነትን በዐይናቸው ያዩ፣ ልጅ ወይም ወንድም ያጡ ብዙዎች አሉ። በተለይ የ2022ቱ ፊልም የውጊያ ትዕይንቶች እጅግ ከባድ ናቸው። ክበብ የምትመሩ ከሆነ አባላቱን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ የውጊያውን ክፍል መዝለል የሚፈልግ ሰው ያለ ማብራሪያ ይዝለል። ከታች እንደምናየው ለጥናቱ የሚያስፈልጉት ዋና ዋና ትዕይንቶች ጸጥ ያሉት ስለሆኑ ይህ ጥናቱን አይጎዳውም።

ሁለተኛ ደረጃ፦ ደራሲው ያየውንና ያላየውን ይለዩ

የጦርነት ልብ ወለድ ሲነበብ አንባቢ ደራሲውንና ተራኪውን በቀላሉ ያቀላቅላል። ስለዚህ ንባቡን ከመጀመርዎ በፊት የደራሲውን የጦር ሜዳ ታሪክ በአንድ አንቀጽ ጽፈው ይያዙ። ሬማርክ በ1898 በኦስናብሩክ ከተማ ተወለደ፤ በኖቬምበር 1916 በ18 ዓመቱ ለውትድርና ተጠራ፤ በጁን 1917 ወደ ምዕራቡ ግንባር ተላከ፤ በጁላይ 31 ቀን 1917 በመድፍ ፍንጣሪ ቆስሎ የቀረውን የጦርነት ጊዜ በአብዛኛው በሆስፒታል አሳለፈ። በግንባር የቆየው ሳምንታት ያህል ብቻ ነበር ማለት ነው። የመጽሐፉ ተራኪ ፓውል ቦይመር ግን በግንባሩ ለዓመታት ይቆያል።

ይህ ልዩነት ደራሲውን የሚያሳጣ አይደለም። እንዲያውም የጦርነት ልብ ወለድ ከምስክርነት ቃል የሚለየው በዚህ ነው። ሬማርክ በሆስፒታል አልጋ አጠገብ የሰማውን፣ ከጓደኞቹ ያገኘውንና ራሱ ያየውን አዋሕዶ የአንድን ትውልድ ድምፅ ፈጠረ። መጽሐፉ በጋዜጣ በተከታታይ መውጣት የጀመረው በኖቬምበር 1928፣ ማለትም ጦርነቱ ካበቃ ከአሥር ዓመት በኋላ ሲሆን፣ በመጽሐፍ መልክ የታተመው በጃንዋሪ 1929 ነው። አሥር ዓመት የቆየ ትዝታ አሁን እየሆነ እንዳለ ተደርጎ መጻፉን ልብ ይበሉ፤ ታሪኩ በአብዛኛው የሚነገረው በአሁን ጊዜ ነው።

ሦስተኛ ደረጃ፦ መጽሐፉን በሦስት ዓምድ መዝገብ ያንብቡ

ከጥናቱ ሁሉ ዋናው ይህ ደረጃ ስለሆነ ጊዜ ይስጡት። ደብተርዎን በሦስት ዓምድ ይክፈሉ። በመጀመሪያው ተራኪው የት እንዳለና ከማን ጋር እንደሆነ ይጻፉ። በሁለተኛው የሚያየውን፣ የሚሰማውን፣ የሚያሸትተውንና የሚዳስሰውን ይመዝግቡ። በሦስተኛው ደግሞ የሚያስበውን፣ ነገር ግን ለማንም የማይናገረውን ያስፍሩ። ሁለተኛው ዓምድ በካሜራና በድምፅ ሊያዝ ይችላል። ሦስተኛውን ካሜራ በቀጥታ ሊቀርጸው ስለማይችል ፊልም ሠሪው የግድ አንድ ውሳኔ ማድረግ አለበት፤ የእርስዎም ጥናት ያንን ውሳኔ መከታተል ነው።

የመጀመሪያው ምዕራፍ ለዚህ ጥሩ መለማመጃ ነው። መጽሐፉ በተኩስ አይጀምርም። ሁለተኛው ሻምበል ከግንባር ወደ ደጀን ተመልሷል፤ የወጥ ቤቱ ኃላፊ ለ150 ሰው ምግብ አሰናድቶ ሳለ የተመለሱት 80 ናቸው፤ ወታደሮቹም ለሁሉም እጥፍ እንዲታደል ይከራከራሉ። የሰባ ሰዎች መጥፋት ለአንባቢው የሚደርሰው በባቄላ፣ በዳቦና በትምባሆ ድርሻ በኩል ነው። በሦስተኛው ዓምድ ምን እንደሚጽፉ ሲያስቡ ዓምዱ ባዶ ሊሆንብዎ ይችላል፤ ፓውል ስለ ሟቾቹ እዚህ ላይ አያለቅስም፣ ጠግቦ መብላቱን ነው የሚነግረን። ያንን ባዶነት ራሱን ይመዝግቡት።

ሁለተኛ ልብ ሊሉት የሚገባው የተራኪው ማንነት እየጠበበ መሄዱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ፓውል አብዝቶ የሚናገረው «እኛ» እያለ ነው፤ አብረውት የተመዘገቡት የክፍል ጓደኞቹ ክሮፕና ሙለር፣ ከእነሱ ሌላ ትያደን፣ ገበሬው ዴተሪንግና በዕድሜ የሚበልጣቸው ካት በዙሪያው አሉ። ጓደኞቹ አንድ በአንድ ሲያልቁ «እኛ» ወደ «እኔ» ይቀየራል። አሥራ ሁለተኛው ምዕራፍ ጥቂት ገጾች ብቻ ነው፤ ፓውል ብቻውን ቀርቷል። ከዚያም በመጨረሻዎቹ መስመሮች «እኔ» የሚለው ድምፅ ይቋረጥና ሌላ የማይታወቅ ተራኪ «እሱ» ብሎ በኦክቶበር 1918 መውደቁን ይነግረናል። ያን ቀን ግንባሩ ጸጥ ያለ ስለነበር የጦሩ ሪፖርት አዲስ ነገር እንደሌለ ብቻ ያስታውቃል። በየምዕራፉ ዳርቻ «እኛ»፣ «እኔ» ወይም «እሱ» እያሉ ቢያመለክቱ የመጽሐፉ አጥንት በአንድ ገጽ ላይ ይታይዎታል። በእኔ አስተያየት ሬማርክ ስለ ጦርነት ያለውን የተናገረው ከየትኛውም የውጊያ ገለጻ ይልቅ በዚህ አወቃቀር ነው።

አራተኛ ደረጃ፦ ጥቂት ትዕይንቶችን ይምረጡ

ሙሉውን መጽሐፍ ከሙሉው ፊልም ጋር ማወዳደር ሰውን ያደክማል፤ ውጤቱም «ይኼ አለ፣ ያ የለም» የሚል ዝርዝር ከመሆን አያልፍም። አምስት ትዕይንት ይበቃል። እኔ የምመክረው እነዚህን ነው፦ መምህር ካንቶሬክ ተማሪዎቹን ለዘመቻ የሚቀሰቅስበት፤ የፓውል የክፍል ጓደኛ የኬመሪሽ ቡት ጫማ ከሟች ወደ ሕያው የሚተላለፍበት፤ ፓውል ለዕረፍት ወደ ቤቱ የሚሄድበት፤ በቦምብ ጉድጓድ ውስጥ የፈረንሳዩን ወታደር የሚወጋበት፤ በመጨረሻም የካትና የፓውል አሟሟት።

ከአምስቱ ውስጥ ትልቅ ጥቃት የሚታይበት አንድም እንዳልመረጥሁ ያስተውላሉ። የውጊያ ትዕይንት ለፊልም ተፈጥሯዊ ብርታቱ ነው፤ ድምፁና እንቅስቃሴው ተመልካቹን ጠቅልሎ ስለሚይዝ ለመመርመር የሚያስፈልገውን ርቀት ይነሣል። ጸጥ ባሉት ትዕይንቶች ላይ ግን ሦስተኛው ዓምድ ሞልቶ ስለሚገኝ የፊልም ሠሪው ችግርም መፍትሔም ይጋለጣል።

አምስተኛ ደረጃ፦ የ1930ውን ፊልም ይመልከቱ

ሉዊስ ማይልስቶን ለዩኒቨርሳል ኩባንያ የሠራው ይህ ፊልም በኦስካር የምርጥ ፊልምና የምርጥ ዳይሬክተር ሽልማቶችን አግኝቷል። ፓውልን ሊው ኤርስ፣ ካትን ሉዊስ ዎልሃይም ይጫወታሉ። መጀመሪያ ሳያቋርጡ ይመልከቱት፤ በሁለተኛው ጊዜ የመረጧቸውን ትዕይንቶች ብቻ እያቆሙ ወደ መዝገብዎ ይመለሱ።

አስቀድሞ የሚታየው ለውጥ የጊዜ ቅደም ተከተል ነው። መጽሐፉ ከግንባር ጀምሮ ትምህርት ቤቱንና ማሠልጠኛውን በትዝታ ሲያመጣ፣ ፊልሙ ከትምህርት ቤቱ ይነሣል። በከተማው ጎዳና ወታደሮች በሙዚቃ እየዘመቱ ያልፋሉ፤ ካሜራው በመስኮት በኩል ወደ ክፍሉ ሲገባ መምህሩ ስለ አባት አገር እየሰበከ ነው። ይህ ለውጥ ቀላል አይደለም። በመጽሐፉ ልጆቹን ስናገኛቸው ልባቸው አስቀድሞ አርጅቷል፤ በፊልሙ ግን ሲያረጁ እናያለን። በመጽሐፉ ካንቶሬክ የተሰነዘረበትን ፍርድ ተሸክሞ ይመጣል፤ በፊልሙ ደግሞ ተመልካቹ ራሱ ለአፍታ በስብከቱ ሊማረክ ይችላል፤ ማይልስቶን የፈለገውም ይህን ይመስለኛል።

ቀጥሎ ጫማውን ይከታተሉ። በመጽሐፉ ሙለር የኬመሪሽን ጫማ የሚመኘው ከጭካኔ እንዳልሆነ ፓውል በቃል ያስረዳናል፤ ኬመሪሽ እግሩ ተቆርጧል፣ ጫማው ደግሞ ጥሩ ጫማ ነው። ፊልሙ ማስረጃውን ለዐይን ይሰጣል፤ ካሜራው ከሰዎቹ ፊት ይልቅ ጫማውን እየተከተለ የለበሰው ሁሉ ሲወድቅ ያሳያል። የተራኪው አሳብ ወደ ዕቃ ተዛውሯል ማለት ነው። በሽቦው አጥር ላይ ተንጠልጥለው የሚቀሩትን እጆችም እንዲሁ ይፈልጉ፤ በስድስተኛው ምዕራፍ የአንድ ዓረፍተ ነገር ያህል ቦታ ያላቸው እጆች በፊልሙ ዓይን የማይረሳቸው ሥዕል ሆነዋል። ፊልሙ በትዕይንቶቹ ሥር የሚፈስ ሙዚቃ የለውም ለማለት ይቻላል፤ በዚህ ምክንያት የመድፉና የመትረየሱ ድምፅ ያለ አስታማሚ ይሰማል።

የዕረፍቱ ትዕይንት ግን ክርክር የሚገባው ነው። በመጽሐፉ ሰባተኛው ምዕራፍ ፓውል ቤቱ ሲደርስ የሚያሠቃየው መናገር አለመቻሉ ነው። አባቱ የጦር ሜዳ ወሬ እንዲያወራለት ይሻል፤ ቢራ ቤት የተቀመጡት ሰዎች የትኛው ግዛት መያዝ እንዳለበትና ጦሩ እንዴት ሰብሮ ማለፍ እንደሚችል ይመክሩታል፤ በካንሰር የታመመችው እናቱ ሌሊት አልጋው ጠርዝ ላይ ትቀመጣለች፤ እሱም የሚያስበውን ሁሉ በልቡ ይዞ ይቀራል። ለኬመሪሽ እናት ልጅዋ ሳይሠቃይ ወዲያው እንደሞተ ምሎ ይነግራታል። በፊልሙ ፓውል ወደ ካንቶሬክ ክፍል ይመለሳል፤ አዲሶቹ ተማሪዎች ፊት ቆሞ ለአገር መሞት እንደሚሰበከው ያማረ እንዳልሆነ ይናገራል፤ ልጆቹም ፈሪ ይሉታል። ይህ ትዕይንት በመጽሐፉ የለም። ዳይሬክተሩ ሦስተኛውን ዓምድ ወደ ንግግር ለወጠው። ትዕይንቱ ኃይለኛ መሆኑን ማንም አይክድም፤ እኔ ግን ዝምታውን እመርጣለሁ፤ መናገር የቻለ ሰው ገና መፍትሔ ያለው ይመስላልና። እርስዎ የተለየ አሳብ ካለዎት ምክንያትዎን በመዝገቡ ይጻፉ።

ወደ ቦምቡ ጉድጓድ ሲደርሱ የሟቹን ፈረንሳዊ ፊት በጥንቃቄ ይመልከቱ። የተጫወተው ሬይመንድ ግሪፊት የድምፅ አልባው ሲኒማ ታዋቂ ኮሜዲ ተዋናይ ነበር፤ ድምፁ በልጅነቱ ስለተጎዳ የድምፅ ፊልም ሲመጣ ሥራው ተቋረጠ፤ ቃል የማይናገረው ይህ ሟች የመጨረሻ ሚናው ሆነ። ፓውል ይቅርታ ሲለምነው የተከፈተው ዓይን አይመልስም።

ስድስተኛ ደረጃ፦ የ1979ኙን ለማነጻጸሪያ ያህል ይጠቀሙበት

ዴልበርት ማን ለአሜሪካው የሲ.ቢ.ኤስ. ቴሌቪዥን የሠራው ፊልም ሪቻርድ ቶማስን በፓውል፣ ኧርነስት ቦርግናይንን በካት ሚና ያቀርባል። ለጥናታችን የሚጠቅመው በአንድ ነገር ነው፤ የፓውልን ድምፅ ከሥዕሉ በላይ በተራኪነት ያሰማል። በመዝገብዎ ሦስተኛ ዓምድ ያለውን በጆሮ መስማት ለመጽሐፉ ታማኝነት ይመስላል። ሆኖም በትዕይንቶቹ ላይ አንድ ሙከራ ያድርጉ፤ መጀመሪያ በድምፅ፣ ቀጥሎ ድምፁን አጥፍተው ይመልከቱ። ሥዕሉ አስቀድሞ የነገረንን ተራኪው የሚደግመው የት ላይ ነው? ሥዕሉ የማይነግረንን የሚጨምረውስ የት ላይ ነው? በንባብ ክበብ ከሆናችሁ ይህ ሙከራ ለአንድ ምሽት ውይይት ይበቃል።

ሰባተኛ ደረጃ፦ የ2022ቱን ከመጽሐፉ ይልቅ ከ1930ው ጋር አስተያይተው ይመልከቱ

ኤድዋርድ በርገር የመራው ይህ ፊልም አራት ኦስካሮችን አግኝቷል፦ የምርጥ ዓለም አቀፍ ፊልም፣ የሲኒማቶግራፊ፣ የሙዚቃና የፕሮዳክሽን ዲዛይን። ፓውልን የተጫወተው ፌሊክስ ካመረር፣ ካትን የተጫወተው አልብሬክት ሹክ ነው። ከመጽሐፉ እጅግ ርቆ ስለሚሄድ በጥንቃቄ መመርመር ያለበትም እሱ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ሁለት ጊዜ ይመልከቱ። ሃይንሪክ የተባለ ወታደር በጥቃት ላይ ይሞታል፤ የደንብ ልብሱ ከሬሳው ላይ ተገፎ፣ በደም ከቀላ ውኃ ታጥቦ፣ በሴቶች የልብስ ስፌት መኪና ተጠግኖ ለአዲሱ ምልምል ለፓውል ይታደላል። ፓውል በኮሌታው ላይ የሌላ ሰው ስም ሲያገኝ ልብሱ ለባለቤቱ ጠቦት ይሆናል የሚል መልስ ይሰጠዋል። ይህ በመጽሐፉ የለም፤ ነገር ግን የኬመሪሽ ጫማ የሚሠራውን ሥራ በሌላ ዕቃ ይሠራል፤ ከዚያም አልፎ ጦርነቱን እንደ ፋብሪካ ያሳየናል። በኋላ አንዲት የአንገት ሻርፕም በዚሁ መንገድ ትተላለፋለች። መጽሐፉ ላይ ያለውን ቃል በቃል ሳይወስዱ ለመጽሐፉ አሳብ መታመን እንደሚቻል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ሙዚቃውንም በተለየ ጆሮ ያዳምጡ። አቀናባሪው ፎልከር በርተልማን የቅድመ አያቱን ሃርሞኒየም ተጠቅሞ ሦስት ከባድ ድምፆችን ያሰማል፤ ድምፆቹ የሰውን ሳይሆን የማሽንን መምጣት ያስታውቃሉ። ማይልስቶን ሙዚቃ በነሣበት ቦታ በርገር ሙዚቃን የተራኪውን ድምፅ እንዲተካ አድርጎታል።

አሁን የጎደለውን እንመልከት። የፓውል የዕረፍት ጉዞ ሙሉ በሙሉ ወጥቷል፤ እናቱ በአልጋው ጠርዝ አትቀመጥም፤ ምልምሎቹን በማሠልጠኛ የሚያሠቃየው አሥር አለቃ ሂመልሽቶስም የለም። በእነሱ ቦታ ፊልሙ ሌላ ታሪክ አስገብቷል፦ የጀርመኑ ፖለቲከኛ ማቲያስ ኤርዝበርገር በኮምፒየን ጫካ በባቡር ፉርጎ ውስጥ የተኩስ አቁም ስምምነቱን ሲደራደር ይታያል፤ የሚጫወተውም ዳንኤል ብሩል ነው። ኤርዝበርገር እውነተኛ ሰው ነው፤ ስምምነቱን በኖቬምበር 11 ቀን 1918 ማለዳ ፈረመ፣ በ1921 ደግሞ በቀኝ ጽንፈኞች ተገደለ። በልብ ወለዱ ውስጥ ግን አንድም ቦታ የለም። ሬማርክ ሆን ብሎ አንባቢውን ከወታደሩ የዕይታ ክልል አያስወጣውም፤ ጦርነቱ ለምን እንደተጀመረ፣ ማን እንደሚደራደር ፓውል አያውቅም፣ እኛም አብረነው አናውቅም። ፊልሙ ፓውል የማያውቀውን ለእኛ ይነግረናል። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ከፓውል ጋር መሆናችን ይቀርና ስለ ፓውል የምንጨነቅ ተመልካቾች እንሆናለን፤ ሰዓቱ እየቆጠረ መሆኑን እናውቃለን፣ እሱ ግን አያውቅም። በመዝገብዎ «እኔ» የሚለው ወደ «እሱ» የተቀየረበትን ደቂቃ ጽፈው ያስቀምጡ፤ መጽሐፉ ለመጨረሻዎቹ መስመሮች ያቆየውን ለውጥ ፊልሙ እጅግ አስቀድሞ አድርጎታል።

በጉድጓዱ ትዕይንት ፓውል የሚያጣጥረውን ፈረንሳዊ ድምፅ ለማፈን በአፉ ጭቃ ይሞላበታል፤ ቆይቶ ደግሞ ሊያድነው ይፍጨረጨራል። ይህን ከ1930ው ረጅም ልመና ጋር አስቀምጠው ያነጻጽሩ። ከዚያም ወደ መጽሐፉ ዘጠነኛ ምዕራፍ ይመለሱና ፓውል ለዚያ ሟች፣ ለማተሚያ ቤት ሠራተኛው ለዤራር ዱቫል፣ የገባውን ቃል፣ ጓደኞቹ ዘንድ ሲመለስም ያ ቃል ምን እንደሆነ ያንብቡ። ከጉድጓዱ በኋላ ያሉት እነዚያ ጥቂት መስመሮች፣ ጦርነት ጦርነት ነው ብሎ ራሱን የሚያጽናናባቸው፣ ከመውጋቱ ይልቅ ያስፈራሉ። እያንዳንዱ ፊልም እነሱን ያስቀረ ወይም ያወጣ መሆኑን ይመዝግቡ።

ስምንተኛ ደረጃ፦ ሁለቱን አሟሟቶች በአንድ ገጽ ላይ ያስቀምጡ

በመጽሐፉ ካት ቅልጥሙ ላይ ይቆስላል፤ ፓውል ተሸክሞት ወደ ሕክምና ጣቢያ ሲያደርሰው በመንገድ ላይ አንዲት ትንሽ ፍንጣሪ ጭንቅላቱን እንደመታችው አላወቀም ነበር። በ1930 ፍንጣሪዋ ከአውሮፕላን ከተጣለ ቦምብ ትመጣለች፤ መዋቅሩ ግን ያው ነው። በ2022 ካትን የሚገድለው እንቁላል ሊሰርቁ የገቡበት የፈረንሳይ ገበሬ ትንሽ ልጅ ነው። ጠይቁ፦ ሞቱ ከማይታወቅ ሰማይ መምጣቱ ቀርቶ ጥላቻ ካለው ልጅ እጅ ሲመጣ የታሪኩ ትርጉም ወዴት ያዘነብላል?

የፓውል ፍጻሜ ይበልጥ ያስተምራል። መጽሐፉ አሟሟቱን አያሳይም፤ ፊቱ የተረጋጋ እንደነበር ብቻ ይነግረናል። ማይልስቶን ከምሽጉ ወጥቶ ቢራቢሮ ለመያዝ የተዘረጋ እጅ፣ የአልሞ ተኳሽ ጥይትና የሚወድቀውን እጅ አሳየ፤ እጁ የራሱ የዳይሬክተሩ ነበር። በዴልበርት ማን ፊልም ፓውል ወፍ እየሣለ ሳለ ይመታል። በርገር ግን ፓውልን እስከ ኖቬምበር 11 ድረስ አቆየው፤ አንድ የፈጠራ ጄኔራል ስምምነቱ ሊጸና የቀሩትን ደቂቃዎች ለመጨረሻ ጥቃት ሲያውላቸው፣ ፓውል ከ5 ሰዓቱ በፊት በጀርባው በሳንጃ ይወጋል። በመጽሐፉ ሞቱ አስፈሪ የሚሆነው ማንም ልብ ስላላለው ነው፤ በ2022 ደግሞ ታላቅ ታሪካዊ ቅጽበት ላይ ስለዋለ ነው። የሚንቀሳቀሰው ስሜት አንድ አይደለም። እኔ በበርገር ፍጻሜ ቁጣ ተሰማኝ፤ በሬማርክ ፍጻሜ የተሰማኝ ግን ቁጣ የማይደርስበት ባዶነት ነው። የርዕሱም ክብደት ያለው በዚያ ባዶነት ላይ ስለሆነ፣ የ2022ቱ ፊልም ርዕሱን ተሸክሞ ትርጉሙን በመንገድ ላይ እንደጣለ አምናለሁ።

ዘጠነኛ ደረጃ፦ ፊልሙ የተሠራበትን ዘመን ይጠይቁ

የ1930ው ፊልም በዲሴምበር መጀመሪያ በርሊን ሲታይ የናዚ ፓርቲ ሰዎች በጎብልስ መሪነት የሚሸት ቦምብና ነጫጭ አይጦች በሲኒማ ቤቱ ውስጥ ለቀቁ፤ በቀናት ውስጥ፣ ዲሴምበር 11፣ ፊልሙ በጀርመን ታገደ። በሜይ 1933 መጽሐፉ በአደባባይ ከተቃጠሉት መካከል ነበር፤ በ1938 ሬማርክ ዜግነቱን ተነጠቀ፤ በዲሴምበር 1943 አገር ቤት የቀረች እኅቱ ኤልፍሪደ ሾልስ የሕዝብን ሞራል አዳክመሻል ተብላ በሞት ተቀጣች። ይህን ካወቁ በኋላ የ1930ውን የትምህርት ቤት ንግግር እንደገና ይመልከቱ፤ ከፍ ብዬ የነቀፍሁት ንግግር በዚያ ዘመን ምን ያህል ድፍረት እንደነበር ይታያል፤ ነቀፌታዬን ባያነሣውም ሚዛኑን ያስተካክለዋል። ለ2022ቱም እንዲሁ ይጠይቁ፤ ጀርመኖች ራሳቸው በሠሩት ፊልም ውስጥ ተደራዳሪው ፖለቲከኛና ግትሩ ጄኔራል ለምን አስፈለጉ? ከጦርነቱ በኋላ ሽንፈቱ የፖለቲከኞች ክህደት ነው የሚለው የሐሰት ወሬ ናዚዎችን እንደረዳ የሚያውቅ ሰው መልሱን ለመፈለግ ሩቅ አይሄድም።

አሥረኛ ደረጃ፦ ከሚያውቁት የአማርኛ ልብ ወለድ አንድ ገጽ ይሞክሩ

ማነጻጸር የሚጠናው በመሥራት ነው። በ1975 ዓ.ም. የወጣው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ለዚህ ይመቻል፤ የቀይ ኮከብን ዘመቻ የሚነግረን ጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለማርያም ራሱ «እኔ» እያለ ነውና። ጸጋዬ የሚያየውንና የሚናገረውን ትተው፣ ለማንም የማይናገረውን የሚያስብበትን አንድ ገጽ ይምረጡ። ገጹን በሦስቱ ዓምዶች ይበትኑት። ቀጥሎም ያለ ተራኪ ድምፅና የገጸ ባሕርይውን አሳብ የሚገልጥ ንግግር ሳይጨምሩ፣ በሚታይና በሚሰማ ነገር ብቻ፣ ከአንድ ገጽ ባልበለጠ ጽሑፍ እንደ ፊልም ትዕይንት እንደገና ይጻፉት። ሦስተኛውን ዓምድ ወደ ዕቃ ያዛውሩታል፣ ወደ ድምፅ፣ ወይስ ወደ ዝምታ? በክበብ የምትሠሩ ከሆነ ሁሉም አባል ያንኑ ገጽ ለየብቻው ይጻፍ፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ጽሑፎቹን ያለ ስም አንብቡና እያንዳንዱ ጸሐፊ «እኔ»ን የት እንዳኖረው ሌሎቹ ይፈልጉ።